ኢላስቲክሰርች ላይ ብዙ ፊልተር አንድ ላይ ማሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢላስቲክሰርች ብዙ ዳታ ውስጥ የሚፈልግ የፍለጋ ሶፍትዌር ነው፣ ፊልተር ደግሞ ውጤቱን የሚያጠብ ሁኔታ። አንድ ፊልተር ማስገባት ማንም ይችላል። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲመጡ ነው፣ በተለይ መሃላቸው «ወይም» ከገባ። ኮዱ ኤረር አይሰጥም። ውጤትም ይመጣል። ግን የመጣው የተጠየቀው አይደለም።

ለምሳሌ የምጠቀመው የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ዶክመንት፣ ማለትም አንድ ማስታወቂያ፣ ርዕስ፣ መግለጫ፣ ክፍለ ከተማ፣ የቤት ዓይነት፣ ፎቅ፣ ዋጋ፣ የመኝታ ክፍል ብዛትና የተለጠፈበት ቀን አለው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ደላላ እንዳታደርጉኝ። የኩዌሪዎቹን (የፍለጋ ጥያቄዎቹን) ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮድ ውስጥ የት እንደሚገቡ ታውቃላችሁ።

ከኤስኪውኤል (ከተለመደው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ነው የመጣሁት። «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» እዚህ የት ናቸው?

ሁሉም ያሉት ቡል በሚባለው ኩዌሪ ውስጥ ነው። ቡል አራት ክፍል አለው፦ መስት፣ ፊልተር፣ ሹድ እና መስት ኖት። መስትና ፊልተር ውስጥ የገባ ሁሉ መሟላት አለበት፣ ስለዚህ «እና» ናቸው። መስት ኖት ውስጥ ከገባው አንዱም መገኘት የለበትም። ሹድ «ወይም» ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሰውን የሚያስለቅሰው እሱ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ኤስኪውኤል ላይ ሁኔታዎቹን መሃላቸው በሚገባ ቃል ታገናኛላችሁ። እዚህ ማገናኘት የለም፣ መመደብ ነው ያለው። ከሥር ያለው ሉሲን፣ ዳግ ካቲንግ በ1999 የጀመረው፣ ኢላስቲክሰርችም ሶልርም የቆሙበት ላይብረሪ፣ እያንዳንዱን ሁኔታ «ግዴታ ነው»፣ «ቢኖር ጥሩ ነው» ወይም «ክልክል ነው» ብሎ ነው የሚያየው። ይሄን አንዴ ከያዛችሁ ግማሹ ግራ መጋባት ይቀራል።

ቦሌ ያለ፣ አፓርትመንት የሆነ፣ ከ30 ሺህ ብር የማይበልጥ፣ ምድር ላይ ያልሆነ ቤት ይህን ይመስላል (ተርም «ልክ ይህ ነው»፣ ሬንጅ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ነው)፦

ቡል
  ፊልተር
    ተርም፦ ክፍለ ከተማ = ቦሌ
    ተርም፦ የቤት ዓይነት = አፓርትመንት
    ሬንጅ፦ ዋጋ ≤ 30000
  መስት ኖት
    ተርም፦ ፎቅ = 0

ፊልተር ሊስት እንደሆነ ልብ በሉ። አንድ ተርም ውስጥ ሁለት ፊልድ ለመክተት ከሞከራችሁ ኢላስቲክሰርች ኤረር ይሰጣችኋል፣ እሱ ጥሩ ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው፦ ፓይተን ዲክሽነሪ ውስጥ «ተርም» የሚለውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ብትጽፉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዝም ብሎ ይውጠዋል። ክፍለ ከተማው ተረስቶ አፓርትመንት ብቻ ይጣራል፣ ማንም አይነግራችሁም።

መስትም ፊልተርም «እና» ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ?

በስኮር (በተዛማጅነት ነጥብ) ምክንያት። መስት ውስጥ ያለ ሁኔታ ዶክመንቱ ምን ያህል እንደተዛመደ ይለካል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ቅደም ተከተሉን ይቀይራል። ፊልተር ግን አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ነጥብ ስለማያሰላ ይቀልላል፣ ውጤቱም ካሽ ሊደረግ (ለሚቀጥለው ጊዜ ሊቀመጥ) ይችላል። መስት ኖትም እንደ ፊልተር ነው፣ ነጥብ አያሰላም።

እኔ የምከተለው ደንብ አጭር ነው። ተጠቃሚው በጣቱ የጻፈው መስት ውስጥ ይገባል፣ በቼክቦክስ የመረጠው ፊልተር ውስጥ ይገባል። «ሰፊ ግቢ ያለው» ብሎ ከጻፈ የትኛው ማስታወቂያ ይበልጥ እንደሚመስል መለካት ትርጉም አለው። ቤቱ ቦሌ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ግን ምን ነጥብ ይሰጣል? ቦሌ ቦሌ ነው።

ሁሉም ነገር ፊልተር ውስጥ ከሆነ የሁሉም ዶክመንት ስኮር ዜሮ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ልክ ነው። ግን ሶርት ካላስገባችሁ ቅደም ተከተሉ እንዳመጣለት ይሆናል፣ ስለዚህ በቀን ወይም በዋጋ ደርድሩ።

የድሮ መማሪያ ላይ «ፊልተርድ» የሚል ኩዌሪ፣ ወይም ራሳቸውን የቻሉ የ«እና» እና የ«ወይም» ፊልተሮች ካያችሁ እለፉት። ፊልተርና ኩዌሪ ከኢላስቲክሰርች 2.0 ጀምሮ አንድ ሆነዋል፣ እነዚያ አሮጌዎቹም 5.0 ላይ ተነስተዋል።

ሹድ ጨመርኩ፣ ግን ምንም አያጣራም። ምን አጠፋሁ?

ይሄ የጥያቄዎች ሁሉ ንጉሥ ነው።

ሹድ ብቻውን ቡል ውስጥ ካለ ቢያንስ አንዱ መሟላት አለበት፣ ልክ እንደጠበቃችሁት «ወይም» ይሆናል። ጎኑ መስት ወይም ፊልተር ባስቀመጣችሁ ቅጽበት ግን ጠባዩ ይቀየራል። «ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖርም ችግር የለም» ይሆናል። ማለትም የተገኘለትን ዶክመንት ነጥብ ከፍ ያደርጋል እንጂ ማንንም አያስወጣም። ስለዚህ «አፓርትመንት፣ ቦሌ ወይም የካ» ብላችሁ አፓርትመንቱን ፊልተር ውስጥ፣ ሁለቱን ክፍለ ከተሞች ሹድ ውስጥ ብታደርጉ የአቃቂ ቃሊቲ አፓርትመንትም አብሮ ይመጣል። ቦሌዎቹና የካዎቹ ከላይ ስለሚሆኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያየ ሰው «ሠርቷል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሥራ ያልፋል። ችግሩ የሚታየው አንድ ተጠቃሚ አራተኛው ገጽ ድረስ ወርዶ ሲናደድ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሚኒመም ሹድ ማች የሚለውን 1 ብሎ መጻፍ ነው። እኔ ሹድን ለማጣራት በተጠቀምኩ ቁጥር፣ ዲፎልቱ ይበቃል ብዬ ባስብም፣ እጽፈዋለሁ። ነገ ሌላ ሰው አንድ ፊልተር ሲጨምር ኩዌሪው ጠባዩን እንዳይቀይር ነው። ሁለተኛው «ወይም»ን የራሱ ቡል ሰጥቶ ያን ቡል ፊልተር ውስጥ ማስገባት ነው፦

ቡል
  ፊልተር
    ተርም፦ የቤት ዓይነት = አፓርትመንት
    ቡል
      ሹድ
        ተርም፦ ክፍለ ከተማ = ቦሌ
        ተርም፦ ክፍለ ከተማ = የካ
      ሚኒመም ሹድ ማች፦ 1

አንድ ነገር ልጨምር። ከ7.0 በፊት ፊልተር ውስጥ ያለ ቡል ሹድ ሲኖረው ቢያንስ አንዱን በራሱ ግዴታ ያደርግ ነበር። 7.0 ይሄን አንስቶታል። በ6 ላይ የተጻፈ ኮድ ሲያድግ አንድ ፊደል ሳይነካ ውጤቱ ከተቀየረ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

አንድ ፊልድ ላይ ብዙ ዋጋ ለመፍቀድም ሹድ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ተርምስ የሚባል አለ፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ያለው። ሊስት ትሰጡታላችሁ፣ አንዱ ከተገኘ በቂ ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ተርምስ፣ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ አንዱ። ሹድን ለተለያዩ ፊልዶች ወይም ለተወሳሰበ «ወይም» አስቀምጡት።

«ቦሌ ከሆነ እስከ 30 ሺህ፣ የካ ከሆነ ግን እስከ 20 ሺህ» ማለት ይቻላል?

ይቻላል። እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ቡል ይሁን፣ ሁለቱ ቡሎች ሹድ ውስጥ ይግቡ።

ቡል
  ሹድ
    ቡል
      ፊልተር፦ ክፍለ ከተማ = ቦሌ፣ ዋጋ ≤ 30000
    ቡል
      ፊልተር፦ ክፍለ ከተማ = የካ፣ ዋጋ ≤ 20000
  ሚኒመም ሹድ ማች፦ 1

ኤስኪውኤል ላይ ቅንፍ የምትከፍቱበት ቦታ ሁሉ እዚህ አዲስ ቡል ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሦስትና አራት ደረጃ ሲወርድ ኮዱን ማንበብ ፈተና ስለሚሆን እያንዳንዱን ቡል ስም ባለው ፋንክሽን አውጡት። «የቦሌ አማራጭ» የሚል ፋንክሽን ከስድስት ቅንፍ ይሻላል።

ዶክመንቱ እንዳለ በዓይኔ አያለሁ፣ ተርም ፊልተር ግን ባዶ ይመልሳል። ለምን?

ዘጠና በመቶ እላለሁ፣ ፊልዱ ቴክስት ነው፣ ኪወርድ አይደለም። ቴክስት ፊልድ ሲገባ በአናላይዘር ወደ ቃላት (ቶከን) ይበጣጠሳል፣ ኪወርድ ግን እንዳለ ይቀመጣል። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ወደ «ንፋስ»፣ «ስልክ»፣ «ላፍቶ» ይለወጣል። ተርም ደግሞ የሰጣችሁትን ሳይነካ እንዳለ ነው የሚፈልገው። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» የሚል አንድ ቶከን የለም፣ ስለዚህ ባዶ።

አማርኛ ላይ ይሄ ስህተት ተደብቆ የመቆየት ዕድሉ ይበልጣል። እንግሊዝኛ ላይ የሚሠራ ሰው ወዲያው ይነቃበታል፣ ምክንያቱም አናላይዘሩ ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ ስለሚቀይረው የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ ይከሽፋል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ቦሌ» ገብቶ «ቦሌ» ሆኖ ይወጣል። ቦሌ ይሠራል፣ የካ ይሠራል፣ አራዳ፣ ልደታ፣ ጉለሌ፣ ቂርቆስ ይሠራሉ። ቴስቱ ያልፋል። ከዚያ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ለሚ ኩራ ባዶ ይሆናሉ፣ ሰውም «እዚያ ቤት የለም መሰለኝ» ብሎ ያልፋል። ቴስት ስትጽፉ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ያለው ስም አስገቡ።

ማፒንግ (የእያንዳንዱን ፊልድ ዓይነት የሚወስነውን) ሳትጽፉ ዳታ ካስገባችሁ ኢላስቲክሰርች ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቴክስት ፊልድ ይፈጥርና ሥሩ ኪወርድ የሚባል ንዑስ ፊልድ ያስቀምጣል። ለማጣሪያ ያንን ንዑስ ፊልድ ተጠቀሙ። ከ256 ፊደል የረዘመ ዋጋ ግን በዲፎልት ንዑስ ፊልዱ ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው ማፒንጉን ራሳችሁ መጻፍ ነው።

አንዱ «ዓይነት» ሌላው «አይነት» ብሎ ይጽፋል። ፊልተሩ ይለያያቸዋል?

አዎ፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደዚሁ። «ፀሐይ» ተብሎ የገባን ዶክመንት «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ፊልተር አያገኘውም። ለዚህ ኪወርድ ፊልድ ላይ ኖርማላይዘር ይሠራል። ውስጡ ማፒንግ ካራክተር ፊልተር አስገብታችሁ ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ እያላችሁ ሰባቱንም የድምፅ ቅርጽ ትዘረዝራላችሁ። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ነው የሚጻፈው። ኖርማላይዘሩ ዳታው ሲገባም፣ ተርም ሲፈለግም ስለሚሠራ ኮዳችሁ ውስጥ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለቴክስት ፊልድ ያንኑ ካራክተር ፊልተር አናላይዘሩ ውስጥ ድገሙት።

ምርጫው የታወቀ ዝርዝር ከሆነ ግን ሌላ ነገር እመክራለሁ፦ ስሙን ሳይሆን ኮድ አስቀምጡ። ክፍለ ከተሞቹ አሥራ አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡና በቁጥር አጣሩ። ያኔ «ንፋስ» ነው «ነፋስ» የሚለው ክርክር ስክሪኑ ላይ ይቀራል።

ተጠቃሚው ግማሹን ፊልተር ባዶ ሲተወው ኮዱን እንዴት ልጻፈው?

ባዶ ሊስት ጀምሩ። ለተሞላው ፊልተር ብቻ አንድ ሁኔታ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ሊስቱን ቡል ውስጥ ፊልተር ብላችሁ ስጡት። በቃ። ለእያንዳንዱ ጥምረት የተለየ ኩዌሪ የሚጽፍ ኮድ አይቻለሁ፣ አምስት ፊልተር ሲኖር ሠላሳ ሁለት ጥምረት ይሆናል፣ እግዜር ይርዳው።

ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ባዶ ሊስት ለተርምስ ከሰጣችሁ «ሁሉንም አምጣ» አይደለም፣ «ምንም አታምጣ» ነው። ተጠቃሚው ምንም ክፍለ ከተማ ካልመረጠ ተርምሱን ጭራሽ አታስገቡ። ሁለተኛ፣ ለተርም ባዶ እሴት (ነል) ከሰጣችሁት ኤረር ነው። ሦስተኛው ከኢላስቲክሰርች ሳይሆን ከቋንቋው የሚመጣ ነው፦ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ዜሮን እንደ ሐሰት ያዩታል። የመኝታ ክፍል 0፣ ማለትም ስቱዲዮ፣ የመረጠ ሰው ፊልተሩ ይጣልበታል። «እሴት አለ ወይ» ሳይሆን «ነል ነው ወይ» ብላችሁ ጠይቁ።

ፊልተር ሊስቱ ባዶ ሆኖ ቢቀርስ? ምንም የሌለው ቡል ሁሉንም ዶክመንት ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉትም እሱን ነው።

የላይብረሪው ኦፕሬተሮችስ? በነሱ ማጣመር አይሻልም?

ይቀላል፣ ጠባያቸውን ካወቃችሁ። የፓይተኑ ዲኤስኤል (ኩዌሪ መጻፊያ ላይብረሪ) ላይ & «እና» ነው፣ | «ወይም» ነው፣ ~ «አይደለም» ነው። የፓይተንን የራሱን የ«እና» ቃል እንዳትጠቀሙ። እሱ ሁለቱን ኩዌሪ አያጣምርም፣ የመጀመሪያውን ጥሎ ሁለተኛውን ይመልስላችኋል፣ ያለ ምንም ኤረር። & ከ| ይቀድማል፣ ስለዚህ ስትደባልቁ ቅንፍ አድርጉ፣ ለእናንተ ባይሆን ነገ ለሚያነበው።

እዚያው ዲኤስኤል ላይ የሰርች ኦብጀክት ራሱን አይቀይርም። ፊልተር የሚለውን ሜተድ ስትጠሩ አዲስ ኮፒ ነው የሚመልሰው። መልሳችሁ ቫሪያብሉ ውስጥ ካላስቀመጣችሁት ፊልተሩ የለም። እየተከታተሉ የተጠሩ ፊልተሮች ሁሉ በ«እና» ይታሰራሉ።

ሲ ሻርፕ ላይ ኔስት የሚባለው ክላየንት && እና || ይቀበላል፣ ! መስት ኖት ያደርጋል፣ ከፊት የሚቀመጥ + ደግሞ ሁኔታውን ወደ ፊልተር ይወስደዋል። ጃቫ ላይ የድሮው ሃይ ሌቭል ክላየንት ከ7.15 ጀምሮ እንዲቀር ተብሏል፣ አዲስ ሥራ በሱ አትጀምሩ።

ይሄን ሁሉ ከማድረግ በኩዌሪ ስትሪንግ በአንድ መስመር ጽሑፍ ብጽፈውስ?

ለራሳችሁ ኪባና (የኢላስቲክሰርች ማሳያ ገጽ) ላይ ለመሞከር ጥሩ ነው። ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ እየቀጠላችሁ በኮድ ለመሥራት ግን አልመክርም። ምክንያቴ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ቅድሚያ ነው። «ቦሌ ወይም የካ እና አፓርትመንት» የሚለውን በኩዌሪ ስትሪንግ ኦፕሬተሮች ብትጽፉት እንደ ሒሳብ አይፈታም። የካና አፓርትመንት ግዴታ ይሆናሉ፣ ቦሌ «ቢኖር ጥሩ» ይሆናል። የቦሌ ቤቶች በሙሉ ይጠፋሉ። ግዴታ፣ አማራጭ፣ ክልክል ያልኩት እዚህ ነው የሚመጣው። ቅንፍ ካላደረጋችሁ ጉድ ነው።

ሁለተኛው ልዩ ምልክቶች ናቸው። ሁለት ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ሰረዝ፣ ጥያቄ ምልክት ሁሉ ትርጉም አላቸው። ለኛ የከፋው ሕዝባር ነው። ኩዌሪ ስትሪንግ ውስጥ / የሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ) መጀመሪያ ነው። እኛ ደግሞ ያለ እሱ አንጽፍም፦ ክ/ከተማ፣ መ/ቤት፣ አ/አ፣ ወ/ሮ። ተጠቃሚው «ቦሌ ክ/ከተማ» ብሎ ቢጽፍ የተከፈተው ሬጌክስ ስላልተዘጋ ኩዌሪው ኤረር ይሰጣል። «ቦሌ ክ/ከተማ መ/ቤት» ቢል ደግሞ ሁለቱ ሕዝባሮች ገጥመው በመሃላቸው ያለው «ከተማ መ» ሬጌክስ ይሆናል፣ ኤረር የለም፣ የሚፈለገው ግን የተጻፈው አይደለም። ተጠቃሚ የጻፈውን በማች ወይም በመልቲ ማች ፈልጉ፣ ምርጫዎቹን በቡል አስሩ። የግድ ኦፕሬተር መፍቀድ ካለባችሁ ሲምፕል ኩዌሪ ስትሪንግ አለ፣ እሱ በተበላሸ ጽሑፍ ኤረር አይወረውርም።

የቀን ፊልተር ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የሰዓት ቀጠና። ኢላስቲክሰርች ቀንን በዩቲሲ ነው የሚያስበው፣ አዲስ አበባ ደግሞ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ተጠቃሚው መስከረም 1 ቀን 2017ን ቢመርጥ፣ እናንተም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ብላችሁ ቀኑን ብቻ ብትልኩ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ይቀራሉ፣ የማግስቱ ሌሊት ሦስት ሰዓት ደግሞ ይገባል። ሬንጅ ውስጥ ታይም ዞን የሚለውን +03:00 አድርጉት። መጨረሻውን ደግሞ «እስከ ቀኑ ማብቂያ» ሳይሆን «ከማግስቱ በፊት» ብላችሁ ጻፉት፣ የመጨረሻዋን ሰከንድ ከማሳደድ ያድናል።

ኢንዴክሱ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፣ የኛን ስክሪን ላይ አሳዩ፣ መቀየሩን ለላይብረሪ ተዉት። «ሴፕቴምበር 11 ሁልጊዜ መስከረም 1 ነው» ብላችሁ በእጅ አትጻፉ። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበረች 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር። የወር ፊልተር ካላችሁም አሥራ ሦስተኛዋን ወር አትርሱ።

«ያለፉት 7 ቀናት» ስትሉ «አሁን» የሚለውን ባዶውን አትጠቀሙ፣ ወደ ቀን አጠጋጉት። በየሚሊሰከንዱ የሚቀየር ፊልተር ለካሽ አይመችም።

ሁለቱም ሁኔታ ተሟልቷል ይላል፣ ግን ሁለቱ በአንድ ቤት ላይ አይደሉም። እንዴት?

አንድ ማስታወቂያ ውስጥ የብዙ ክፍሎች ዝርዝር አለ ማለት ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ባለ 1 መኝታ በ15 ሺህ፣ ባለ 3 መኝታ በ40 ሺህ ይከራያል እንበል። «3 መኝታ፣ ከ20 ሺህ በታች» ብላችሁ ብትፈልጉ ሕንፃው ይመጣል። ኢላስቲክሰርች የኦብጀክት ዝርዝርን ሲያስቀምጥ ስለሚያፈርሰው ነው፤ መኝታዎቹ ለብቻ 1 እና 3፣ ዋጋዎቹ ለብቻ 15 ሺህ እና 40 ሺህ ሆነው ይቀመጣሉ። ማን ከማን ጋር እንደነበር ይጠፋል።

ፊልዱን ማፒንግ ላይ ኔስትድ አድርጉት፣ ከዚያ ዳታውን እንደገና አስገቡ። ሲፈለግ ደግሞ ሁለቱም ሁኔታ አንድ ኔስትድ ኩዌሪ ውስጥ ባለ አንድ ቡል ይግቡ። ለየብቻ ሁለት ኔስትድ ከጻፋችሁ ወደዚያው ችግር ትመለሳላችሁ።

«አይደለም» ስል ባዶ ፊልድ ያላቸው ለምን ይመጣሉ?

ምክንያቱም እውነትም አይደሉም። የቤት ዓይነቱ ያልተሞላ ማስታወቂያ «ኮንዶሚኒየም ያልሆነ» ውስጥ ይገባል። ካልፈለጋችሁት ኤግዚስትስ የሚባለውን ፊልተር ውስጥ ጨምሩ። በተቃራኒው ባዶዎቹን ብቻ ለማግኘት ኤግዚስትስን መስት ኖት ውስጥ አስገቡ።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር፦ መስት ኖት ውስጥ ሁለት ነገር ሲኖር ሁለቱም ለየብቻ ክልክል ናቸው። «ኮንዶሚኒየምም አይሁን፣ ምድር ላይም አይሁን» ነው። የፈለጋችሁት «ምድር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ብቻ አይምጣ» ከሆነ ሁለቱን አንድ ቡል ውስጥ ፊልተር አድርጋችሁ ያን ቡል መስት ኖት ውስጥ አስገቡት።

ቦሌን ስመርጥ ጎን ላይ የሚታየው የሌሎቹ ክፍለ ከተሞች የማስታወቂያ ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ቁጥሩ እንዲቆይ ምን ላድርግ?

ፖስት ፊልተር። አግሪጌሽኑ ከተቆጠረ በኋላ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ጎን ላይ ያለው ቆጠራ አይነካም። ለዚህ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከተራ ፊልተር ይልቅ እሱን ማድረግ ፍጥነት ያስከፍላል።

ስንት ሁኔታ ድረስ ይፈቀዳል?

ተርምስ በዲፎልት እስከ 65,536 ዋጋ ይቀበላል። ለቡል ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ 1024 ነበር፣ በ8 መስመር ላይ ባሉ አዳዲሶቹ ቨርዥኖች እንደ ሜሞሪው ይሰላል። ወደዚያ ከተጠጋችሁ ገደቡን ከመጨመር ዳታውን እንደገና ማሰብ ይሻላል።

የትኛው ፊልተር ውጤቱን እንደገደለው እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ ኮዳችሁ የሠራውን ጄሰን አትሙና በዓይናችሁ አንብቡት፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታያል። ካልታየ ፊልተሮቹን አንድ በአንድ አውጡ። ሹድ ውስጥ የትኛው እንደተገኘ ለማወቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ስም መስጠት ይቻላል፤ ኢላስቲክሰርች ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የተሟሉትን ስሞች ይመልሳል። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ሹድ በበዛበት ኩዌሪ ሁሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ኢላስቲክሰርች ካልሆነስ የምጠቀመው?

ኦፕንሰርች ከሆነ በ2021 ከኢላስቲክሰርች 7.10 የተገነጠለ ስለሆነ ስለ ቡል ያልኩት ይሠራል። ሜይሊሰርች ላይ ፊልተሩን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ሊስት ትሰጡታላችሁ፤ የውጪው ሊስት «እና»፣ የውስጡ ሊስት «ወይም» ነው፣ ፊልዶቹን ቀድማችሁ ለማጣሪያ ካላስመዘገባችሁ ግን እምቢ ይላል። አልጎሊያ «(ሀ እና ለ) ወይም (ሐ እና መ)» የሚለውን ቅርጽ አይቀበልም፣ የቦሌውንና የየካውን ምሳሌ እዚያ ለመሥራት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

ሶልር ላይ ኤፍኪው የሚባለውን ፓራሜትር የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ መደጋገም ትችላላችሁ፣ ሁሉም በ«እና» ይታሰራሉ፣ እያንዳንዱም ለብቻው ካሽ ይደረጋል። ስለዚህ ክፍለ ከተማና የቤት ዓይነትን አንድ ኤፍኪው ውስጥ አትጨቁኑ፣ ለያዩአቸው። ቅንፍ ውስጥ «አይደለም» ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ሶልር ምንም አይመልስም፤ የሚቀንስበት ነገር የለውማ። ከፊቱ ሁሉንም የሚያመጣውን *:* አስቀምጡለት።